ጣና ዳር የታየ ወፍ ሁሉ የምሥራች ነው ወይ?

በጋ በገባ ቁጥር ስልካችን በወፍ ይሞላል። አንዱ ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ የቀረጸውን የክሬን መንጋ ይለጥፋል። ሌላው ዓባይ ከጣና በሚወጣበት አፍ ላይ ፔሊካኖች ተደርድረው ሲንሳፈፉ ያሳያል። ሌላው ደግሞ ጉማሬ ከውሃ ወጥቶ ሣር ሲግጥ ያገኛል። ከሥሩ የሚጻፈው አስተያየት ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ተመስገን፣ ጣና አገገመ፣ ወፎቹ ተመለሱ ይላል።

ደስታው ይገባኛል። እኔም ሳየው ደስ ይለኛል። የጎጃም ልጅ ሆኖ በዚህ የማይደሰት ማን አለ? ግን የወፍ መታየት ብቻውን ስለ ጣና ዳር ረግረግ ጤና የሚነግረን በጣም ጥቂት ነው። አንዳንዴማ ነገሩ የተገላቢጦሽ ይሆናል። ረግረጉ ሲጠብ ወፎቹ በቀረችው ቦታ ይታጨቃሉ። የታጨቀ ወፍ በካሜራ ሲታይ የበዛ ይመስላል። ስለዚህ «ስንት ወፍ ታየ?» ብሎ ማቆም አይበቃም። የትኛው ወፍ ነው? በየትኛው ወር ታየ? ምን ሲያደርግ? መልሱ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ከሩቅ የመጡት

ቪዲዮዎቹን የሚሞላው ግራጫው ክሬን ነው። ረጅም እግር፣ ረጅም አንገት፣ ከኋላው ተንዠርጎ የሚወርድ ላባ ያለው ትልቅ ወፍ። እዚህ አገር አይፈለፈልም። በሰሜን አውሮፓና በሩሲያ ረግረጎች ያድጋል። እዚያ ብርዱ ሲበረታ ወደ ደቡብ ይነሳል። ተመራማሪዎች በኢስቶኒያና በፊንላንድ የሳተላይት መከታተያ ካሰሩላቸው ክሬኖች መካከል ኢትዮጵያ ድረስ የመጡ አሉ። በዩክሬን፣ በቱርክና በመካከለኛው ምሥራቅ አድርገው፣ ሱዳንን አቋርጠው ነው የሚደርሱት። ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ በክንፍ። ጥቅምት መጨረሻና ኅዳር ላይ ሰማዩ ላይ እየተጣሩ ይደርሳሉ። የካቲትና መጋቢት ላይ ይመለሳሉ።

ጣና ዳርን ለምን መረጡት? ቀን የሚበሉበት፣ ማታ የሚያድሩበት ጎን ለጎን ስላለ ነው። የሚደርሱት እህል በሚሰበሰብበት ሰሞን ነው። ከአጫጅና ከወቂ የተረፈው ቃርሚያ ሜዳው ላይ ይበተናል። እነሱ እሱን ለቅመው ይውላሉ። ጀንበር ስታዘቀዝቅ ግን ማሳው ላይ አያድሩም። በመስመር በመስመር ተነስተው ወደ ሐይቁ ዳር ይሄዳሉ። ከጉልበት በማያልፍ ውሃ ውስጥ ቆመው ያድራሉ። ጅብ ወይም ቀበሮ ቢመጣ ውሃው ይንቦጫረቃል፤ ድምፁን ሰምተው ይነሳሉ። ጥልቅ ውሃ አይሆናቸውም፣ ደረቅ መሬትም አይሆናቸውም። የሚፈልጉት ያችን ጠባብ፣ ጥልቀት የሌላት፣ ሰው የማይበዛባትን ዳር ነው።

ጣና ዳር በፍጥነት እየጠፋ ያለው ደግሞ ልክ ይኸው ዳር ነው። አስር ቦታ ያድር የነበረ መንጋ ሦስት ቦታ ብቻ ሲቀርለት ሦስቱ ቦታዎች ይጨናነቃሉ። ሦስት ቤተሰብ ቤቱ ተቃጥሎበት አንድ ጎጆ ውስጥ ቢጠጋ፣ ያ ጎጆ ከደጅ ላየው ሰው ደመቅ ያለ ይመስላል። የክሬኑ መንጋ ቪዲዮም እንዲሁ ሊያታልለን ይችላል።

መጨናነቁ ራሱን የቻለ አደጋ አለው። ከእኛ ጋር በአንድ የበረራ መስመር ላይ ያለውን የእስራኤልን የሁላ ሸለቆ እንይ። ሁላ ትልቅ ረግረግ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ለእርሻ ሲባል ውሃው ተጠርጎ እንዲደርቅ ተደረገ። በሺህ ዓመታት የበሰበሰ ተክል የተከማቸበት ጥቁር አፈር ሲደርቅ ራሱ መንደድ ጀመረ፤ መሬቱም ሰረገደ። ረግረጉ አጣርቶ ያስቀረው የነበረው ንጥረ ነገር ወደ ገሊላ ሐይቅ መውረድ ጀመረ። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ1994 የተወሰነውን ክፍል መልሰው በውሃ ሞሉት። ያኔ ክሬኖቹ መጡ። ዛሬ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ክሬኖች የብርዱን ወራት እዚያ ያሳልፋሉ። ማሳ እንዳይጎዱ ተብሎ እህል ይበተንላቸዋል። ሰውም ከየአገሩ ሊያያቸው ይጎርፋል።

ከዚያ በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. የወፍ ጉንፋን ገባ። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ5,000 በላይ ክሬኖች እዚያው ውሃ ውስጥ ሞቱ። በአንድ ቦታ ላይ በዚያ ብዛት ተጠጋግተው ባያድሩ ኖሮ በሽታው እንደዚያ ባልተዛመተ ነበር። እኛ ዘንድ እንዲህ ዓይነት መዓት አልደረሰም። ግን ማደሪያ በጠበበ ቁጥር ወደዚያ እየተጠጋን ነው። ገበሬውም በዚህ ይጎዳል፤ የወፍ ጉንፋን ዶሮውንም አይምርም።

የቤቱ ባለቤቶች

እኔ በበኩሌ የረግረጉን ጤና ማወቅ ስፈልግ እንግዶቹን ትቼ ነዋሪዎቹን ነው የማየው። እንግዳው ክሬን ጣና ባይመቸው ሱዳን መቅረት ይችላል። ሁላም መቅረት ይችላል። እዚሁ የሚወልደው ግን መሄጃ የለውም።

ሁለቱን ልጥቀስ። አንደኛዋ አንገተ ነጯ ክሬን ናት። ከአፍሪካ ክሬኖች ሁሉ ትልቋ እሷ ናት። ከአገጯ ሥር ሁለት የቆዳ ዘለበቶች ይንጠለጠላሉ፤ ፊቷ ቀላ ያለ ነው። ብዙዎቹ የሚኖሩት ዛምቢያና ቦትስዋና አካባቢ ነው። የኢትዮጵያዎቹ ከእነዚያ ተነጥለው የሚኖሩ፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ ብቻ ናቸው። የጣና ዙሪያ ረግረጎች ከቀሯቸው ዋና ዋና ቦታዎች መካከል ናቸው።

ከክሬኖች መካከል በአዝጋሚ ወላድነት ይህችን ወፍ የሚወዳደር የለም። አንድ ወይም ሁለት እንቁላል ትጥላለች። ሁለት ብትጥል እንኳ የሚያድገው አንድ ነው። ጎጆዋን ውሃ በከበበው ሣር ላይ ትሠራለች። ሣሩን በዙሪያዋ ነቃቅላ ትከምርና መሃሉ ላይ ትቀመጣለች። የተነቀለበት ዙሪያ ውሃ ይሞላና መከላከያ ይሆንላታል። ከአንድ ወር በላይ ትታቀፋለች። ጫጩቱ ከተፈለፈለ በኋላ ለመብረር ከሦስት ወር በላይ ይፈጅበታል። ያን ሁሉ ጊዜ በእግሩ ነው። ውሻ ሊይዘው ይችላል። ከብት ሊረግጠው ይችላል። እረኛ ልጅ ሊያባርረው ይችላል።

አሁን አስቡት። ክረምት ላይ ጎጆዋን ሠራች። የውሃው መጠን በድንገት ቢጨምር እንቁላሉ ይሰጥማል። በድንገት ቢቀንስ ጎጆዋ ደረቅ መሬት ላይ ትቀራለች፤ ቀበሮም ውሻም በእግሩ ሄዶ ይደርስባታል። ስለዚህ ይህች ወፍ የምትፈልገው ውሃ ብቻ አይደለም፤ የሚታመን ውሃ ትፈልጋለች። አምስት ወር ገደማ የማያስደነግጥ ውሃ።

ሁለተኛው ባለ ዘውዱ ጥቁር ክሬን ነው። አናቱ ላይ እንደ ወርቅ ክር የቆመ ዘውድ አለው። ጉንጩ ነጭና ቀይ ነው። እሱ ከሌሎቹ የሚለይበት ነገር አለ፤ ዛፍ ላይ ወጥቶ ያድራል። ስለዚህ ረግረግም ዛፍም ይፈልጋል። ከረግረጉ አጠገብ የነበረው ትልቁ ዋርካ ወይም ሾላ ሲቆረጥ እሱ መኝታውን ያጣል። በባሕር ዛፍ ተተካ ማለት ለእሱ ምንም ማለት አይደለም፤ ቀጥ ብሎ የወጣው ቀጭን ባሕር ዛፍ እንደ ሰፊው የአገር ዛፍ ቅርንጫፍ አይሆንለትም።

ሁለቱም ዝርያዎች በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት መዝገብ ለመጥፋት ከተጋለጡት ውስጥ ይቆጠራሉ። አንድ መንጋ ግራጫ ክሬን ከማየት ይልቅ አንድ ጥንድ አንገተ ነጭ ክሬን ልጇን አስከትላ ማየት ለእኔ ይበልጥብኛል። የመጀመሪያው ሰሜን አውሮፓ ውስጥ ዘንድሮ ጥሩ ዓመት እንደነበር ይነግረኛል። ሁለተኛው የእኛው ረግረግ ዘንድሮ ልጅ እንዳሳደገ ይነግረኛል።

ውሃው ለምን አይታመንም?

ጣና ድሮም ከፍና ዝቅ ይላል። መስከረምና ጥቅምት ላይ ይሞላል፤ ግንቦትና ሰኔ ላይ ይወርዳል። ተክሉም ወፉም ዓሣውም በዚህ ልክ ኑሮውን አስተካክሎ ነበር። ሐይቁ ሰፊ ነው፤ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያልፋል። ጥልቀቱ ግን ትንሽ ነው፤ ጥልቁ ቦታ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ነው። ዳሩ ደግሞ በብዙ ቦታ ሜዳ ነው። በዚህ ምክንያት ውሃው አንድ ሜትር ሲወርድ ዳሩ በብዙ መቶ ሜትር ይሸሻል።

በ1988 ዓ.ም. ባሕር ዳር አጠገብ የጨራ ጨራ ግድብ ተሠራ። ዓላማው ለጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ ውሃ መቆጠብና መልቀቅ ነበር። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ የጣና በለስ ማመንጫ ሥራ ጀመረ። 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ነው፤ ውሃውን ከሐይቁ ምዕራባዊ ዳር በዋሻ ወደ በለስ ይወስዳል። መብራቱ ለአገር ይጠቅማል። ማንም አይጠላውም። ግን ከጨራ ጨራ ግድብ ወዲህ የሐይቁ ከፍታ በዝናቡ ብቻ መወሰኑ ቀርቷል። በ1995 ዓ.ም. ድርቁና የጢስ ዓባይ ማመንጫ የውሃ ፍላጎት ተደርበው ሐይቁ ክፉኛ ወረደ። ጀልባዎች መንቀሳቀስ ተቸገሩ። ከውሃ የወጣው መሬትም ታረሰ። ከታረሰ በኋላ መሬቱን ለረግረጉ መልሶ መተው ከባድ ነው።

ይህን ውሃው የሸሸበትን መሬት የሐይቁ ዳር ገበሬ ባሕር ሸሽ ይለዋል። ለም ነው። ማዳበሪያ ብዙ አይፈልግም። እርጥበቱ ራሱ ሽምብራና ጓያ ያበቅላል። ልጆቹ የመሬት ድርሻ ላልደረሳቸው ቤተሰብ ይህ መሬት የህልውና ጉዳይ ነው። ስለዚህ «ገበሬው ረግረጉን አጠፋ» ብሎ ከከተማ መጮህ ቀላል ነው። እኔ አልጮኽም። ገበሬው ያረሰው መሬት ሌላ አማራጭ ቢኖረው ኖሮ የማይነካው መሬት ነበር።

ግን የሚሆነውን እንዳለ መናገር አለብን። ባሕር ሸሽ ሲታረስ መጀመሪያ የሚሄደው ደንገሉ ነው። ደንገል ሲታጨድ ችግር የለውም። ለታንኳ የሚፈልገው ሰው ግንዱን ቆርጦ ሥሩን ይተወዋል፤ መልሶ ያድጋል። የወይጦ ማኅበረሰብ ታንኳውን ሲሠራ የኖረው እንዲህ ነው። ለእርሻ ሲሆን ግን ከሥሩ ይነቀላል ወይም ይቃጠላል። ደንገልና ፊላ በሌለበት ዳር ላይ ቀረሶ የተባለው ዓሣ የሚራባበት ጥላ ያጣል። ከወንዙ የሚመጣውን ደለል የሚያቆመውም የለም።

ደለሉ ትንሽ ነገር እንዳይመስላችሁ። ከጣና ገባሮች ትልቁ ግልገል ዓባይ ነው። ከሰከላ ግሽ ዓባይ ተነስቶ የሜጫንና የአካባቢውን የታረሰ ተዳፋት አፈር ተሸክሞ ይወርዳል። ወደ ሐይቁ በሚገባበት አካባቢ ያለው የጭምባ ረግረግ አፈሩንና ከማዳበሪያው የሚታጠበውን ንጥረ ነገር ይይዛል። ረግረጉ ካልያዘው ሐይቁ ይቀበለዋል። ሐይቁ ሲቀበለው ደግሞ እምቦጭ የተባለው የውሃ አረም ይመገበዋል።

ባሕር ዳር አጠገብ ያሉት የይጋንዳና የኢንፍራንዝ ረግረጎች ሌላ ፈተና አለባቸው። ከተማው እየቀረባቸው ነው። ጫት፣ ባሕር ዛፍ፣ የጡብና የአሸዋ ሥራ፣ የቤት መሥሪያ ቦታ በአራቱም ማዕዘን ይገፏቸዋል። የባሕር ዳር ነዋሪ ለዓመታት የጠጣው ውሃ የመጣው ከኢንፍራንዝ አካባቢ ምንጮች ነው። ቧንቧችንን ስንከፍት የምንጠጣው ረግረጉ ያጣራውንና ያቆየውን ውሃ ነው። ይህን የሚያውቅ የከተማ ሰው ስንት ይሆን? ወፉን ለመጠበቅ ፍላጎት የሌለው እንኳ ለገዛ ውሃው ሲል ረግረጉን ሊቆጭለት ይገባል።

እምቦጭ ላይ የቆመ ወፍ

ስለ እምቦጭ አንድ ነገር ልጨምር። ምክንያቱም የወፍ ቪዲዮ በጣም የሚያሳስተን እዚህ ላይ ነው።

እምቦጭ በጣና ላይ በይፋ የታወቀው በ2004 ዓ.ም. አካባቢ ነው። በብዛት የያዘው የሰሜንና የምሥራቁን ዳር፣ ማለትም የጎንደሩን በኩል ነው። ግን ነፋስ ይነዳዋል፤ ወንዝም ያወርደዋል። ስለዚህ የጎጃሙ ዳር ዳር ሆኖ ሊመለከት አይችልም።

እምቦጭ ውሃ ላይ እንደ ምንጣፍ ሲነጠፍ አንዳንድ ወፎች ይመቻቸዋል። ጣቶቹ በጣም ረጃጅም የሆኑ፣ ቡናማ አካልና ነጭ አንገት ያለው ጃካና የሚባል ወፍ አለ። የሚኖረው በተንሳፋፊ ቅጠል ላይ እየተራመደ ነው። እምቦጭ ለእሱ ሰፊ መንገድ ነው። ነጭ ሳቢሳም በእምቦጩ ዳር ቆሞ ዓሣና እንቁራሪት ይጠብቃል። ፎቶው በጣም ያምራል፤ አረንጓዴ ምንጣፍ፣ ሐምራዊ አበባ፣ ነጭ ወፍ። ሥሩ ግን ጨለማ ነው። ብርሃን አይገባም፤ አየር ይቀንሳል። ዓሣ የሚያድነው ንስርና ጠልቆ የሚያጠምደው ወፍ ውሃውን ማየት ስለማይችሉ ይሄዳሉ። የሄዱት ደግሞ ፎቶ ውስጥ አይገቡም። ፎቶ የሚያሳየው ያለውን ብቻ ነው።

ጉማሬውም ያው ነው። ጉማሬ ቀን ውሃ ውስጥ ይውላል፤ ማታ ወጥቶ ይግጣል። በአንድ ሌሊት 40 ኪሎ የሚደርስ ሣር ሊበላ ይችላል። የሐይቁ ዳር ሣር ሲታረስ ጉማሬው ወደ በቆሎው ይሄዳል። «ጉማሬ መንደር ገባ» የሚለው ዜና እንደ ጉድ ይወራል። ወደ ጉማሬው ቀድሞ የመጣው ግን መንደሩ ነው። በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ባሕር ዳር ላይ የሰዎች መሰብሰቢያ ሆኗል። ከሥሩ ያለው ውሃ ደግሞ የጉማሬ ሠፈር ነው። በምሽት ወደ ዳሩ መውረድ ለሰውም ለእንስሳውም አይበጅም።

ቆጋና ኩርት ባሕር

ጥሩ ዜናም አለ፤ እሱንም መናገር ደስ ይለኛል። ከመራዊ አጠገብ ያለው የቆጋ ግድብ የተሠራው 7,000 ሄክታር የሚያህል መሬት ለማጠጣት ነው። ለወፍ ተብሎ አልተሠራም። ግን ወፍ የሰውን ዓላማ አይጠይቅም። ውሃው ሲተኛ ዳክዬው፣ ይብራው፣ ሳቢሳው መጣ። መስኖው ደግሞ በበጋ አረንጓዴ ሜዳ ፈጠረ። ለሚያልፍ እንግዳ ወፍ ማረፊያ ሆኗል።

ቢሆንም ቆጋ የረግረግ ምትክ አይሆንም። የመስኖ ግድብ ሥራው መሙላትና መጉደል ነው። በበጋ ውሃው ለማሳ ይለቀቃል፤ ዳሩ ይራቆታል። በእንዲህ ያለ ዳር ላይ ደንገል ሥር አይሰድም። አንገተ ነጯ ክሬን እዚያ ልትመገብ ትችላለች፤ ጎጆ ልትሠራ ግን ይከብዳታል። በዚያው በሜጫ ያለው ኩርት ባሕር የተፈጥሮ ረግረግ ነው። በስፋት ከቆጋ ቢያንስም ለሚወልድ ወፍ የሚሰጠው የተለየ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ማየት ይጠቅማል። «ግድብ ስለሠራን ረግረጉ ቢታረስም ግድ የለም» የሚል ክርክር ሰምቼ አውቃለሁ። አይሠራም።

በባሕር ዛፍ የተሸፈነው የሜጫ መሬት ከዓመት ዓመት እየሰፋ ነው። ባሕር ዛፍ ገንዘብ ነው፤ ለልጅ ትምህርት፣ ለቆርቆሮ ይሆናል። ኮረብታው ላይ ቢተከል ባልከፋ። የረግረግ ዳር ላይ ሲተከል ግን ውሃውን ይመጥጣል። ይህን አባቶቻችንም ያውቁ ነበር፤ ረግረግ ማድረቅ ሲፈለግ ባሕር ዛፍ ይተከል ነበር።

ወደ ምሥራቅ ጎጃም ሄድ ካልን ጮቄ አለ። ከፍታው ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ የብዙ ወንዞች እናት ነው። እንደ ጮቄ ያሉ የደጋ ጨፌዎች ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ ውጭ የማይገኙ እንደ ሰማያዊ ክንፉ ዝይ ያሉ ወፎች ቤት ናቸው። የጮቄ ጉዳይ ለብቻው የሚጻፍ ስለሆነ እዚህ አላስረዝመውም።

ማን ይቆጥራል?

በዓለም ዙሪያ የውሃ ወፎች በየዓመቱ ጥር አካባቢ ይቆጠራሉ። ሥራው እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ አለ። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር በዚህ ሥራ ቀዳሚ ነው። የባሕር ዳርና የጣና አካባቢ በዓለም አቀፍ ደረጃ ጠቃሚ የወፎች ቦታ ተብሎ ተመዝግቧል። የጣና ዙሪያ ከሰኔ 2007 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል ነው።

ይህ የባዮስፌር ስም ብዙ ሰው ያሳስታል። ሲሰሙት አጥር ያለው ፓርክ ይመስላቸዋል። አይደለም። ሦስት ቀለበት ያለው ዕቅድ ነው። በጥብቅ የሚጠበቅ መሃል ክፍል አለ። በዙሪያው መጠነኛ ሥራ የሚፈቀድበት ክፍል አለ። ከዚያ ውጭ ሰው የሚኖርበትና የሚያርስበት ሰፊ ክፍል አለ። ዩኔስኮ ዘበኛ አይልክም። መሃሉን የሚጠብቀው ቀበሌው፣ ወረዳውና ገበሬው ነው። የረግረጉ ወሰን ችካል ካልተተከለበትና ማን የት ድረስ እንደሚያርስ በስምምነት ካልተጻፈ፣ ስሙ ወረቀት ላይ ይቀራል።

የጥር ወሩ ቆጠራም ቢሆን ጉድለት አለው። በጥር የሚበዙት እንግዶቹ ናቸው። ቁጥሩ ይተልቃል፣ ዘገባው ያምራል። የነዋሪዎቹ ጎጆና ጫጩት ግን ያለው በክረምት ነው፤ ያኔ መንገዱ ጭቃ ነው፣ ረግረጉ አያስገባም፣ ቆጣሪም አይሄድም። ባለፉት ዓመታት በአካባቢው ያለው የጸጥታ ችግር ደግሞ በበጋም ቢሆን የሰውን እንቅስቃሴ ገድቦታል። ስለዚህ ልናውቀው የሚገባንን ነገር የምናውቅበት ዕድል በጣም ጠባብ ነው።

እዚህ ላይ ነው ስልካችን የሚጠቅመው። የአንገተ ነጯ ክሬን ልጅ ከበረረ በኋላም ቶሎ ከወላጆቹ አይለይም። እስከ በጋው ድረስ አብሯቸው ይሄዳል። በደንብ ላየው ሰው ይለያል፤ ፊቱ ላይ ቀዩ ቆዳ ገና አልወጣም፣ ከአገጩ ሥር ያለው ዘለበት አጭር ነው፣ ላባው ቡናማነት ያጠቃዋል። የባለ ዘውዱ ልጅም ዘውዱ አጭርና ደብዛዛ ነው። ስለዚህ ኅዳር ወይም ታኅሣሥ ላይ ሦስት ሆነው የሚሄዱ ካያችሁ፣ ያቺ ጎጆ ክረምቱን ተርፋለች ማለት ነው። ሁለት ብቻ ከሆኑ ካልወለዱ ወይም ልጅ ካልተረፈላቸው ጥንዶች ቁጠሯቸው።

ካሜራችሁን በሰፊው መንጋ ላይ ብቻ አታድርጉ። ለብቻቸው ራቅ ብለው የቆሙትን ጥንዶች ፈልጉ። አትጠጓቸው፤ ከሩቅ በዙም ይበቃል። ስትለጥፉት ቀኑንና የረግረጉን ስም ጻፉ። ይጋንዳ ይሁን ጭምባ፣ ኩርት ባሕር ይሁን ቆጋ ለይታችሁ ተናገሩ። ውሃው ካለፈው ዓመት ርቆ እንደሆነ፣ ዳሩ ላይ ምን እንደተዘራ ጨምሩበት። ጎጆ ካያችሁ ግን ቦታውን በአደባባይ አትግለጹ፤ እንቁላል የሚፈልግ ሰውም ያነበዋልና። ለአካባቢው የግብርና ባለሙያ ወይም ወፍ ለሚያጠና የዩኒቨርሲቲ መምህር ለብቻ ንገሩት።

የሐይቁ ዳር ልጆችን ደግሞ እንጠይቃቸው። ሽምብራ ከወፍ ለመጠበቅ ማማ ላይ የሚውሉት እነሱ ናቸው። ወንጭፍ ይዘው ሙሉ ቀን ክሬን ያያሉ። የትኛው ጥንድ የት እንዳደረ፣ ልጅ ይዞ እንደሆነ፣ መቼ እንደሄደ ከማንም በላይ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። እስካሁን ግን በቆጠራው ውስጥ ቦታ የላቸውም። ለእያንዳንዱ የረግረግ ዳር ትምህርት ቤት አንድ ደብተርና አንድ የወፍ ሥዕል ወረቀት ቢሰጥ፣ ከሚቀጥለው መስከረም ጀምሮ የክረምቱን ጫጩት መዝገብ ማግኘት እንችላለን።